ስቱዲዮው ከሰረ፣ ጌሙ ተዘጋ፤ የከፈልኩት ገንዘብስ?

ጥያቄ፦ አንድ የኦንላይን ጌም ለረጅም ጊዜ ስጫወት ቆይቻለሁ። ከሦስት ወር በፊት የዓመት ሰብስክሪፕሽኔን 120 ዶላር በካርድ ከፍዬ አደስኩ። በጌሙ ውስጥ የሚያገለግል የ40 ዶላር ኮይንም ገዝቼ ገና አልነካሁትም። ባለፈው ሳምንት ስቱዲዮው ሠራተኞቹን እንዳሰናበተና ለፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ እንዳስገባ በኢሜይል ነገረን። ሰርቨሩም ወዲያው ተዘጋ። ኢሜይሉ «ገንዘብ መመለስ አንችልም» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ በየወሩ 10 ዶላር ከካርዱ የሚቆረጥበት ነው። አብረውን ከሚጫወቱት አንዱ «ጠበቃ እናቁም» ብሎ መዋጮ እየሰበሰበ ነው። ስቱዲዮው አሜሪካ ነው፤ እኛ ግን እዚያ አይደለንም። መክሰስ እንችላለን? ወይስ ገንዘቡን ረስተነው እንተው?

መልስ፦ ገንዘቡን አይተዉት። ክሱን ግን ይተዉት። በአሜሪካ ሕግ አንድ ኩባንያ የኪሳራ ማመልከቻ ካስገባበት ቅጽበት ጀምሮ በእሱ ላይ የሚቀርብ ክስና ዕዳ የማስከፈል እርምጃ ሁሉ በሕግ ይታገዳል። ዛሬ ጠበቃ ቀጥረው ቢከሱ መዝገቡ እዚያው ይቆማል፤ ለጠበቃው የከፈሉት ግን አይመለስም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። «ገንዘብ መመለስ አንችልም» የሚለው ኢሜይል የሚናገረው ስለ ስቱዲዮው ካዝና ብቻ ነው። የእርስዎ ገንዘብ ግን እዚያ እስኪደርስ ድረስ በሌሎች እጆች አልፏል። እነዚያ እጆች አልከሰሩም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስቱዲዮውን ምን ላድርገው?» አይደለም። «ገንዘቤን የተቀበለኝ ማነው?» ነው።

ደረሰኝዎን ያውጡና ያንብቡ። የከፈሉት በስልክዎ አፕ መደብር፣ በጌም ኮንሶል መደብር ወይም እንደ ስቲም ባለ መሸጫ በኩል ከሆነ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የመደብሩ ነው። እንግዲያው ጥያቄዎን መጀመሪያ ለመደብሩ ያቅርቡ። ቀጥሎ የአገልግሎት ውሉን ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ውሉን ከማን ጋር እንደገቡ ይናገራል። ጌሙን የሠራው ስቱዲዮ አንድ፣ ለገበያ ያቀረበው አሳታሚ ድርጅት ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ተዋዋይዎ አሳታሚው ሆኖ ከተገኘና እሱ በሥራ ላይ ካለ ነገሩ ሁሉ ይቀልዎታል፤ የሚጠይቁት ያልከሰረ ድርጅትን ነው ማለት ነው።

ደረሰኙ ላይ ያለው የራሱ የስቱዲዮው ስም ከሆነስ? ያኔ ዋናው መንገድዎ ካርዱን የሰጠዎት ባንክ ነው። ቻርጅባክ የሚባለውን አሠራር ይጠይቁ። ሻጩ የሸጠውን አገልግሎት ካልሰጠ፣ የእርስዎ ባንክ ገንዘቡን ለሻጩ ክፍያ ከሚሰበስብለት ባንክ ያስመልሳል። ያ ባንክ ደግሞ ከሻጩ ይወስዳል። ሻጩ ከስሮ ባዶ ከሆነ ጉዳቱ የሚያርፈው በሰብሳቢው ባንክ ላይ ነው። ቻርጅባክ በኪሳራ ጊዜም የሚሠራው ለዚህ ነው። ለክሬዲት ካርድ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ በዴቢት ካርድም ይቻላል።

ጊዜው ግን ይሮጣል። በቪዛ ደንብ ያልተሰጠ አገልግሎትን በተመለከተ ያለዎት ጊዜ በጥቅሉ 120 ቀን ነው፤ አገልግሎቱ መቋረጡን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም ከከፈሉበት ቀን አንስቶ ከ540 ቀን ማለፍ አይችልም። ባንክዎ ከዚህ ያጠረ የራሱ ቀነ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ዛሬውኑ ይደውሉ።

ሲደውሉ የሚናገሩት ቃል ወሳኝ ነው። «ይህን ክፍያ አላውቀውም» እንዳይሉ። ውሸት ነው፤ ባንኩም የካርድ ስርቆት መስሎት በሌላ መንገድ ይመራዋል፣ ከዚያ ይጥለዋል። እውነቱን ይናገሩ፦ «የአሥራ ሁለት ወር አገልግሎት ከፍያለሁ፤ ሦስት ወር አገኘሁ፤ ሻጩ ከስሮ አገልግሎቱን አቋረጠ።» የሚጠይቁት ሙሉውን 120 ዶላር አይደለም። የተጠቀሙባቸው ሦስት ወራት 30 ዶላር ናቸው፤ የሚጠይቁት ቀሪውን 90 ዶላር ነው። ሁሉንም ልውሰድ ያለ ሰው ሙሉ ጥያቄው ውድቅ ሲሆንበት ይታያል። ደረሰኙን፣ የስቱዲዮውን ኢሜይልና ሰብስክሪፕሽንዎ መቼ እንደሚያበቃ የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት ያያይዙ። የአካውንት ገጹ እስካሁን የሚከፈት ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ስክሪንሾቱን ያንሱ። ድረ ገጹ ነገ ላይኖር ይችላል።

የ40 ዶላሩን ኮይን ለብቻው ያቅርቡት እንጂ ከሰብስክሪፕሽኑ ጋር አይቀላቅሉት። እዚህ ላይ ክርክርዎ ደካማ ነው። የአብዛኞቹ ጌሞች ውል ኮይኑ የገንዘብ ዋጋ የሌለው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ባንኩም «ኮይኑ በገዙበት ደቂቃ አካውንትዎ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ሻጩ አስረክቧል» ሊል ይችላል። ቢሆንም ይሞክሩት። ደካማው ጥያቄ ግን ጠንካራውን ይዞት እንዳይወድቅ ይለያዩዋቸው።

እርስዎ በሚኖሩበት አገር ያለው የሸማቾች ሕግም ክብደት አለው። በእንግሊዝ በክሬዲት ካርድ የከፈለና የአንዱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ዋጋ ከ100 ፓውንድ የበለጠበት ሸማች እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ይደርስለታል። ካርዱን የሰጠው ድርጅት ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ይሆናል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎት መመሪያ አለ። ሸማቹ በአቅራቢው ጥፋት ውሉን ሲያቋርጥ፣ በአግባቡ ካላገኘው ጊዜ ጋር የሚመጣጠነው ገንዘብ እንዲመለስለት ያዛል። መብቱ ግን የሚከፍል አካል ሲኖር ነው። ሕግ ባዶ ካዝና ውስጥ ገንዘብ አይጨምርም።

አሁን ወደ ካዝናው እንምጣ። ባንኩ እምቢ ካለዎት ቀሪው መንገድ የኪሳራ መዝገቡ ነው። እዚያ ባለገንዘብ፣ ማለትም ኩባንያው ዕዳ ያለበት ሰው፣ ሆነው ወረፋ ይይዛሉ። ከፊት የሚቆመው በመያዣ ያበደረ ነው፤ ብዙ ጊዜ የጌሙ ኮድና ስም ራሱ ለእሱ ተይዟል። ከዚያ የኪሳራው ሥራ ወጪና ንብረቱን ሸጦ የሚያከፋፍለው የአጣሪው ክፍያ አለ። ደመወዛቸው ያልተከፈለ ሠራተኞችም ሕግ በወሰነው መጠን ይቀድሙዎታል። ይህ መሆኑ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎ የጌም ጊዜ አጥተዋል፣ እነሱ የወር አስቤዛቸውን።

የወረፋውን ርዝመት ለመገመት እ.ኤ.አ. በ2012 የከሰረውን 38 ስቱዲዮስ የተባለ የአሜሪካ ጌም ሠሪ ይመልከቱ። ለፍርድ ቤት ያመለከተው ዕዳ ከ150 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል፤ ንብረቱ ግን 22 ሚሊዮን አይሞላም ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ለግል ወይም ለቤተሰብ ጥቅም አስቀድሞ ከፍሎ አገልግሎቱን ላላገኘ ሰው የተወሰነ ቅድሚያ ይሰጣል። አንቀጽ 507 ላይ ይገኛል። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ለተከፈቱ መዝገቦች ጣሪያው በአንድ ሰው 3,800 ዶላር ነው፤ የእርስዎ 90 ዶላር በሰፊው ይገባል። ከመያዣ ባለመብቶችና ከሠራተኞች አይቀድሙም። መያዣ ከሌላቸው ተራ አበዳሪዎችና አቅራቢዎች ግን ይቀድማሉ። ይህን ቅድሚያ ለማግኘት ቅጽ 410 በሚባለው የባለገንዘብ ማመልከቻ ላይ ለዚህ የተዘጋጀችውን ሳጥን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ሳጥኗን ዘሎ የላከ ሰው ከመጨረሻው ወረፋ ሊቆም ይችላል።

ቅጹን ለማስገባት ክፍያ የለም። ጠበቃም አያስፈልግም፤ ነዋሪነትዎ ሌላ አገር መሆኑም አያግድዎትም። ኩባንያው ራሱ ፈልጎ ለመፍረስ ያመለከተ ከሆነ ቀነ ገደቡ በጥቅሉ 70 ቀን ነው። ፍርድ ቤቱ «የሚከፋፈል ንብረት የለም፤ ለጊዜው ማመልከቻ አታስገቡ» የሚል ማስታወቂያ ቢልክልዎ አይደንግጡ፤ ንብረት ከተገኘ አዲስ ቀን ይነገርዎታል። ባንኩ ገንዘቡን ከመለሰልዎ ግን በመዝገቡም ደግመው አይጠይቁ።

«የዕድሜ ልክ» ሰብስክሪፕሽን የገዛችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሄልጌት ለንደን የተባለው ጌም የዕድሜ ልክ አባልነትን 149.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። የሠራው ፍላግሺፕ ስቱዲዮስ በ2008 አጋማሽ ፈረሰ። አሳታሚው ናምኮ ባንዳይ ሰርቨሩን በነፃ አቆይቶ ጃንዋሪ 31፣ 2009 ዘጋው። የገዢዎቹ «ዕድሜ ልክ» ከአንድ ዓመት ተኩል ያነሰ ሆኖ ቀረ። በውሎቹ ውስጥ ዕድሜው የሚለካው በጌሙ ነው፤ በተጫዋቹ አይደለም። ከገዙ 540 ቀን ካለፈ ደግሞ የቻርጅባኩም በር ይዘጋል። ለዚህ ነው እኔ ለማንም ሰው በየወሩ እንዲከፍል የምመክረው፤ ዋጋው ቢበዛም እንኳ።

ጓደኛዎ ዛሬውኑ ወርሃዊ ክፍያውን ያቋርጥ። ስቱዲዮው መክሰሩ ብቻውን ቆረጣውን አያስቆምም፤ የሚቆርጠው ሌላ የክፍያ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ከመደብሩ፣ ከክፍያ መተግበሪያው ወይም ከባንኩ ያስቁመው። ሰርቨሩ ከተዘጋ በኋላ አንድም ወር ከተቆረጠበት ያ ገንዘብ ከሁሉም በላይ በቀላሉ የሚመለስ ነው።

ለመዋጮው ሰብሳቢ አይክፈሉ። ሰውየው ቅን ልብ ሊኖረው ይችላል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ለ90 ዶላር የታገደ ክስ ለመክፈት 20 ዶላር ማዋጣት አያዋጣም። ማስመለስ ካስፈለገ ነፃውን ቅጽ ሁላችሁም ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ከዚህ የባሰው ገና ይመጣል፦ «ገንዘብዎን አስመልሰናል፤ ለማስተላለፊያ ይህን ያህል ይላኩ» የሚሉ መልእክቶች። የፍርድ ቤት አጣሪ ለባለገንዘቡ ሊከፍል ሲል ከባለገንዘቡ አስቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የካርድ ቁጥርዎን ለማንም እንዳይሰጡ። የጌሙን የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ላይም የሚጠቀሙበት ከሆነ ይቀይሩት።

ምናልባት አንድ ኩባንያ ጌሙን ከአጣሪው ይገዛው ይሆናል። ገዢው የሚወስደው ኮዱንና ስሙን ነው፤ በፍርድ ቤት ፈቃድ ሲሸጥ ዕዳው አብሮ ባይሄድ የተለመደ ነው። ስለዚህ አዲሱ ባለቤት ዘጠኝ ወርዎን የመስጠት ግዴታ አይኖርበትም። ተጫዋቾችን ለመመለስ ሲል ነፃ ወራት ቢያቀርብልዎ ግን «ተቀበል» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት ውሉን ያንብቡ። በቀድሞው ክፍያ ላይ ያለዎትን ጥያቄ እንደተዉ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ካለበት፣ የባንኩ መልስ እስኪደርስዎ ይቆዩ።