የትንሿ ሽጉጥ ሞላ ስንት ጥይት ይችላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሌሊት ሌሊት ጥበቃ እሠራለሁ። ከዓመት ተኩል በፊት ያገለገለች ሲግ ፒ365 ሽጉጥ ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ እየሄድኩ አንድ ሣጥን፣ 50 ጥይት እተኩስባታለሁ። ሁልጊዜ ወልውዬ፣ ዘይት ቀብቼ ነው የማስቀምጣት። ሰሞኑን ግን ስተኩስ አልፎ አልፎ ስላይዱ፣ ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው ብረት፣ እስከ መጨረሻው አይዘጋም። በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ይገባል። አንዱ ጓደኛዬ «ሁልጊዜ ጥይት ጎርሳ ስለምታድር ሞላው ደክሞ ነው» ይለኛል። ሌላው «ጠንከር ያለ ሞላ ግጠምላት» ይለኛል። የቱን ልስማ?
— የሌሊት ተረኛው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ እንደደከመ እኔም እጠረጥራለሁ። ያደከመው ግን ማደሩ ሳይሆን ተኩሱ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት 50 ጥይት በዓመት 2,600 ይሆናል። በዓመት ተኩል 3,900 ደረስክ ማለት ነው። ካንተ በፊት የነበረው ሰው የተኮሰው ሳይቆጠር። ለዚህች ሽጉጥ ሞላው 2,500 ጥይት ገደማ ላይ እንዲቀየር ነው የሚመከረው። አንተ ከዚያ አልፈህ ሄደሃል። ወልውለሃታል፣ ዘይት ቀብተሃታል፣ ጎበዝ። ዘይት ግን የደከመ ብረት አይመልስም።

የጓደኛህ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ልግለጸው። ሽጉጧ ጥይት ጎረሰችም አልጎረሰችም፣ ስላይዱ ተዘግቶ እስካደረ ድረስ የስላይዱ ሞላ ያው ነው። አንድ ጥይት በርሜል ውስጥ ስለገባች እሱ ላይ የሚጨምርበት ጭነት የለም። ተጨምቆ የሚያድረው የካዝናው ሞላ ነው። እሱም ቢሆን ደህና ሽቦ ከሆነ ዝም ብሎ ተጨምቆ በመቀመጡ ብዙም አይጎዳም። ሞላን የሚበላው መመላለስ ነው፤ መጨመቅ፣ መለቀቅ፣ መጨመቅ፣ መለቀቅ።

ትንሿ ሽጉጥ ላይ ይህ ለምን ይብሳል? ኮልት 1911ን ተመልከት። ትልቁ ባለ 5 ኢንች በርሜል ነው፤ በ.45 ጥይት የተለመደው ሞላ ጥንካሬው 16 ፓውንድ ነው። አጠር ያለው ኮማንደር 4.25 ኢንች ነው፤ ሞላው 18 ፓውንድ ሆነ። ጥይቱ ያው ነው፣ የሚገፋውም ኃይል ያው ነው ማለት ይቻላል። ስላይዱ ግን አጠረ፣ ቀለለ። የቀለለ ነገር ሲመታ ፈጥኖ ይሄዳል። የሚቆምበት ቦታም ጠቧል። ስለዚህ ጠንካራ ሞላ ጠባብ ቦታ ውስጥ ይታጨቃል። በእያንዳንዱ ተኩስ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸው። ያንተ ደግሞ በርሜሏ 3.1 ኢንች ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ትንንሾቹ ውስጥ ሞላ በሞላ ውስጥ የምታገኘው። ትንሿ ግሎክ 26 ሽጉጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው። ግሎክ በ2010 አራተኛውን ትውልድ ሲያወጣ ይህንኑ አሠራር ወደ ትልልቆቹም አመጣው። ሁለቱ ሞላዎች ሸክሙን ይካፈላሉ፤ ዕድሜው ይረዝማል። ማለቁ ግን አይቀርም።

ባለፈው ክረምት አንድ የታክሲ ሾፌር እንዳንተው ዓይነት ችግር ይዞ መጣ። ሞላውን ከነዘንጉ አወጣሁና ከአዲሱ ጎን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። አሮጌው በጥፍር ስፋት ያህል አጥሯል። የትልቁ ሞላ ጥቁር ቀለም ከትንሹ ጋር በሚተሻሽበት በኩል ተፍቆ ብረቱ ያበራል። ለሰውየው አዲሱን በአንድ እጁ፣ አሮጌውን በሌላው አስይዤ «ጨምቃቸው» አልኩት። ጨመቀ። «ሁለቱም ያው ናቸው» አለኝ። እኔም ማሳየት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። እጅ ይህን ልዩነት አይለይም። «ሳቀባብል ገና ጠንካራ ነው» የሚል ሰው ያሳስበኛል።

ቁመቱም ብቻውን አያሳምንህ። አዲስ ሞላ የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ሲተኩስ ትንሽ አጥሮ ይረጋል፤ ይህ ጤና ነው። ይልቅ ይህን ሞክር። ካዝናውን አውጣ። አቀባብለህ የጎረሰችውን ጥይት አውጣ። ጥይት የሚያድርበትን ቀዳዳ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህ ደግሞ ዳስስ። ጥይቱን ሁሉ ሌላ ክፍል አስቀምጥ። አሁን አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርገህ ምላጩን ሳብ፤ እንደሳብክ ያዘው። ስላይዱን ወደ ኋላ ሳብ። አፈሙዙን 45 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ቀና አድርግና ስላይዱን በእጅህ ቀስ እያልክ ልቀቀው። ደህና ሞላ ራሱ ይዘጋዋል። የደከመው ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ግሎክ ላይ የተለመደ ሙከራ ነው፤ ያንተም ላይ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ቀለሁ ከበፊቱ ርቆ መወርወር ከጀመረም ልብ በል፤ ስላይዱ የሚያቆመው አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ሲሆን ሽጉጡን ራሱን ይደበድበዋል።

ጠንካራ ሞላ ስለመግጠም፦ አይሆንም። ስላይዱ እስከ ኋላ ሳይደርስ ከመለሰው ቀለሁ ሳይወጣ ይነክሳል። ወይም ካዝናው ጥይቱን ወደ ላይ ሳያደርስ ስላይዱ ቀድሞት ይዘጋል። በተለይ እጅህ ሲላላ። አምራቹ ለዚህች ሽጉጥ የሠራውን ሞላ ግዛ። ዋጋው የሁለት ሣጥን ጥይት ያህል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። አሮጌውን ሞላ ጎትተህ አታስረዝመው። አገር ቤት ወታደር ሳለሁ የክፍላችን መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። ልጆቹ የማካሮቭ ሞላ አጠረ ብለው በእጃቸው ጎትተው ያመጡልኝ ነበር። ለዓይን ያምራል። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ተመልሶ እዚያው ነው። ያንን ሽጉጥ ታጥቆ ዘብ የሚያድረውን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አንተም ሌሊት የምታድር ሰው ነህ።

አዲሱን ከገጠምክ በኋላ ወዲያው ታጥቀሃት ሥራ አትግባ። መጀመሪያ 100 ወይም 200 ጥይት መለማመጃው ላይ ተኩስባት። አሁንም አልዘጋ ካለች ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ካዝናው፣ ቆሻሻው ወይም ጥይቱ ይታያል። ያኔ ለባለሙያ አሳያት። እኔ የሽጉጤ ሣጥን ክዳን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ሞላው የተገጠመበትን ቀን እጽፋለሁ። ከመለማመጃ ስመለስ የተኮስኩትን እደምርበታለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ትንሽ ሽጉጡ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች፤ ማንም አልነካትም። ልጄ ሊወስዳት ይፈልጋል። ሞላዋ ተበላሽቶ ይሆን?
— እናት፣ ከዴንቨር

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ እመቤቴ። ስድስት ዓመት ዝም ብሎ መቀመጥ ሞላ አይገድልም። ዝገት ግን ይገድላል፤ የደረቀ ዘይትም እንደ ሙጫ ይይዛል። እርስዎ ራስዎ አይክፈቷት፤ ጥይት ጎርሳ ይሆናል። ልጅዎም ዝም ብሎ አንስቶ እንዳይሄድ። የሚያውቅ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ባዶ ያድርግላችሁ፣ ከዚያ ወደ ጠጋኝ ትሂድ። ባለቤትዎ ስንት እንደተኮሱባት የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሞላውን ጠጋኙ ያለ ጥያቄ ይቀይረው።