53ኛው ዲስትሪክት ጠፋ፤ የእኔ ድምፅስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ አጠገብ፣ ሌመን ግሮቭ ነው። ዜግነት ያገኘሁት በ2019 ሲሆን መጀመሪያ ድምፅ የሰጠሁት በ2020፣ በ53ኛው የኮንግረስ ዲስትሪክት ነው። ያኔ ለኮንግረስ የቀረቡት ሁለቱም ዴሞክራቶች ስለነበሩ የተሳሳተ ወረቀት የላኩልኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ 53ኛው የሚባል ዲስትሪክት የለም ይሉኛል። ምዝገባዬ ተሰረዘ ማለት ነው? ባለቤቴ ግሪን ካርድ ነው ያለው። በሕዝብ ቆጠራው ግን አብሮን ተቆጥሯል። እሱስ መምረጥ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ አይጨነቁ። ዲስትሪክቱ ስለጠፋ የሚሰረዝ ምዝገባ የለም። መራጭ የሚመዘገበው በቤቱ አድራሻ ነው፤ የዲስትሪክቱን ቁጥር የሚያያይዘው የካውንቲው የምርጫ ቢሮ ነው። መስመሩ ሲቀየር እርስዎን ወደ አዲሱ የሚያዛውሩትም እነሱ ናቸው። እንደገና መመዝገብ ያለብዎት ቤት ወይም ስም ከቀየሩ፣ አለዚያም ፓርቲ መቀየር ከፈለጉ ነው።

ታዲያ 53ኛው የት ሄደ? አንድ የኮንግረስ ዲስትሪክት ማለት በተወካዮች ምክር ቤት አንድ መቀመጫ ማለት ነው፤ የመቀመጫው ብዛት ደግሞ በሕግ 435 ላይ የታሰረ ነው። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፤ መቀመጫውም ለስቴቶቹ እንደ አዲስ ይከፋፈላል። ከ2000ው ቆጠራ በኋላ ካሊፎርኒያ ከ52 ወደ 53 ከፍ አለች። 53ኛው ቁጥር ለሳንዲያጎ ደረሰ። ከ2020ው ቆጠራ በኋላ ግን ወደ 52 ወረደች። በታሪኳ መቀመጫ ስታጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ብዙ ሰው የስቴቱ ሕዝብ ስላነሰ ይመስለዋል። አላነሰም፤ ከ39 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኗል። እንደ ቴክሳስ ያሉት በዕድገት ፍጥነት ስለበለጧት ነው።

በዚያው ቆጠራ ኒውዮርክም አንድ መቀመጫ አጥታለች። 89 ሰው ብቻ ቢጨመርላት ኖሮ አታጣም ነበር። አንድ የአፓርታማ ሕንፃ የሚሞላ ሰው ማለት ነው። ወገኖቻችን ቆጣሪ ሲያንኳኳ በር እንደማይከፍቱ ስለማውቅ ይህቺ ቁጥር ሁሌም ታንገበግበኛለች።

የዲስትሪክቱ የምርጫ ታሪክ አጭር ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ዋሽንግተን የላከው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ዴሞክራቶች። ሱዛን ዴቪስ ከ2002 እስከ 2018 በተከታታይ 9 ጊዜ አሸነፉ። በ2020 አልወዳደርም ሲሉ ቦታው ተከፈተ። እርስዎ የመረጡት ያን ጊዜ ነው።

ወረቀቱም የተሳሳተ አልነበረም። ካሊፎርኒያ በ2010 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ አላት፤ ለኮንግረስ ከ2012 ምርጫ ጀምሮ ይሠራበታል። በመጀመሪያው ዙር የሁሉም ፓርቲ ተወዳዳሪዎች በአንድ ወረቀት ይቀርባሉ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት፣ ከአንድ ፓርቲም ቢሆኑ፣ ወደ ኖቬምበሩ ምርጫ ያልፋሉ። በ2020 ያለፉት ሳራ ጄኮብስና ያኔ የሳንዲያጎ ከተማ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆርጄት ጎሜዝ ናቸው። ጄኮብስ ከ100 ወደ 60 የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስም የ53ኛው ተወካይ ነበሩ። እርስዎ አንድም ቀን ያለ ተወካይ አልቀሩም፤ ድምፅዎም ሜዳ ላይ አልፈሰሰም።

መቀመጫው ሲቀነስ ካርታውን እንደገና የሣለው 14 አባላት ያሉት የዜጎች ኮሚሽን ነው። አምስት ዴሞክራት፣ አምስት ሪፐብሊካን፣ አራት ከሁለቱም ያልሆኑ። በዚያ ካርታ ሌመን ግሮቭ 51ኛው ውስጥ ገባ። ጄኮብስም በ2022 በ51ኛው ተወዳድረው አሸነፉ። ስለዚህ ተወካይዎ ያው ናቸው፤ የተቀየረው ቁጥሩ ነው።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በኖቬምበር 2025 የስቴቱ መራጭ ፕሮፖዚሽን 50 የተባለውን፣ አዲስ የኮንግረስ ዲስትሪክት ካርታ የያዘ የሕዝብ ውሳኔ አጽድቋል። ለ2026፣ ለ2028 እና ለ2030 ምርጫ የሚያገለግለው በዚያ የጸደቀው ካርታ ነው። ስለዚህ 51ኛው ነኝ ብለው አይቀመጡ። የስቴቱን ምርጫ የሚመራው የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ገብተው ምዝገባዎን ይዩ፤ አለዚያም ለካውንቲው የምርጫ ቢሮ ይደውሉ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ስለሚመጣ አድራሻዎ ትክክል መሆኑን በደንብ ያጣሩ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መቆጠርና መምረጥ የተለያዩ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ መቀመጫ ሲከፋፈል ዜጋ ሆነ አልሆነ ሰው ሁሉ ይቆጠር ይላል። ለኮንግረስ መምረጥ የሚችለው ግን ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቢመርጥ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ብቻውን እንኳ ከባድ ጣጣ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲኤምቪ በሚባለው የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ፈቃድ ሲያወጣ ወይም ሲያሳድስ ነው። ስለ መራጭነት ምዝገባ የሚጠይቀውን ሳያነብ ይፈርማል። የዜግነት ማመልከቻው ደግሞ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ነገር ፈርመው ከሆነ ራሳቸው ለመሰረዝ አይሩጡ፤ ዝም ብለውም አያመልክቱ። የፈረሙትን ወረቀት ሁሉ ይዘው አስቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።