ለቀጣዩ ሳምንት የባሕር ዳር መንገድ

እህቴ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ልጆች ይዤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ልሄድ ነው፤ ዝናቡ ያስኬደኛል ወይ?» ላልሽው፦ ያስኬድሻል፣ ግን ሰዓት ምረጪ። ነሐሴ ነው፣ ሳይዘንብ የሚያልፍ ቀን ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ። ደግነቱ አብዛኛው የሚወርደው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሣሽ አብዛኛውን መንገድ ከዶፉ በፊት ትጨርሺዋለሽ።

የሚያሳስበኝ ዝናቡ ሳይሆን የዓባይ በረሃ ጉም ነው። አምና ደጀን አቀበት ላይ ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና የኋላ መብራት እንኳ ጠፍቶብኝ ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ እስኪገልጥ ልጆቹ የመንገዱን ቆሎ ጨረሱት! መንገዱ ላይ የተንከባለለ ድንጋይም አይጠፋም፣ ቀስ በይ። ልብስ ደራርቢ፦ ጎሃ ጽዮን ላይ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ታች ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ሙቀቱ ያስወልቅሻል።

ባሕር ዳር ዝናቡ ሌሊት ይበረታል፤ የጣና ጀልባ ካሰባችሁ ጠዋቱን ያዙ። የስልክ አፑ በየቀኑ የዝናብ ምልክት ስለሚደረድር ብዙም አይጠቅምሽም። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ እዪ፣ ከባድ ዝናብ የሚጠበቅበትን አካባቢ ለይቶ ይነግርሻል። የዝናብ መጥረጊያሽን ጎማ ደግሞ ሳትወጪ ቀይሪው።