ለማጨሻው ጣራ ሥራለት፣ ቤት ግን አትሥራለት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ጋሼ፣ ከ200 ሊትር በርሜል የሥጋ ማጨሻ አሠርቻለሁ። እሳቱ የሚነድበት ሣጥን በጎኑ ተበይዷል፣ ጭስ ማውጫም አለው። ባለፈው ክረምት በላስቲክ ሸራ ጠቅልዬ ጓሮ አስቀመጥኩት። ለመስቀል ስገልጠው ሆዱ ዝጓል፣ ፍርግርጉም ሻግቷል። አሁን አጥሩ ጥግ ላይ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ አራቱንም ጎን ዘግቼ ቤት ልሠራለት ነው። ጭስ ማውጫውን በጣራው በኩል ልብሳው ወይስ እንዴት ላድርግ?»

ከመብሳቱ በፊት አራቱን ጎን መዝጋቱን ተወው። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንዱ ለነፍስህ፣ ሌላው ለብረትህ።

እንጨትም ሆነ ከሰል በታፈነ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። አይታይም፣ አይሸትም። ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነሳ የሚቀረው በዚሁ ጋዝ ነው። አንተ ደግሞ አንድ ትልቅ ሥጋ ለማብሰል ስድስት ስምንት ሰዓት እሳቱ ሥር ነህ። እንጨት ትጨምራለህ፣ ክዳን ትከፍታለህ፣ ዝናብ ሲመጣ ወንበር ስበህ እዚያው ትቀመጣለህ። በር አለው፣ መስኮት አለው ብለህ እንዳትሸወድ።

ለብረቱም ቢሆን ዘግተህ ብትሠራው ሸራውን በቆርቆሮ መድገም ነው። ሸራው ከላይ የሚመጣውን ውሃ ከልክሎልሃል። ከታች የሚመጣውን ግን አፍኖ ያዘው። የክረምት መሬት ቀን ከሌት እርጥበት ያወጣል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ብረቱ ሲበርድ ያ እርጥበት ላብ ሆኖ ላዩ ላይ ያርፋል፤ መውጫም የለው። ውስጡ አመድ ከቀረበት ደግሞ የባሰ ነው። አመድ ውሃ ይጠጣና ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይበላዋል። እስኪ ጎንበስ ብለህ የእሳት ሣጥኑን ወለል በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አድርገው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠህ ገና ደህና ነው። ድምፁ ታፍኖ ቅርፊቱ እየተላጠ ከወደቀ ግን ከጣራው በፊት ወለሉን ባለ 3 ሚሊ ላሜራ አስቀይር።

እኔ የምልህ ይህን ነው፦ ከላይ ጣራ፣ በጎን ንፋስ፣ ከታች ደረቅ መሬት። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

በነገራችን ላይ የማጨሻ ክፉ ወር ነሐሴ ነው። ዝናቡ በርትቷል፣ ፍልሰታ ገብቷል፣ ሥጋ የለም፣ እሳትም የለም። በዚያ ወቅት ብረት እሳት ካላየ አይደርቅም። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ደረቅ ጭራሮ ለግማሽ ሰዓት አንድድበት። እሳት ማንደድ ጾም አያስገድፍም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ዝናብ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ከአንድ ጎን ይገርፋል። ከየት እንደሚገርፍ ለማወቅ ሰፈርህ ውስጥ አንድ የቆየ የጭቃ ቤት ፈልግና ዙረው። ምርጊቱ ታጥቦ ጭዱ ያገጠጠበት ግድግዳ አለ። ዝናቡ የሚመጣው ከዚያ ወገን ነው። የጣራህን ዝቅተኛ ጎን ወደዚያ አዙረው። ሰው የሚቆምበትና ጭሱ የሚወጣበት ከፍ ያለው ጎን በተቃራኒው ይሁን።

አጥሩ ጥግ ያልከው አሳስቦኛል። የግንብ አጥር ከሆነ ችግር የለም። የባሕር ዛፍ ወይም የቀርቀሃ አጥር ከሆነ ግን ከእሳት ሣጥኑ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ቋሚዎችህም እንደዚያው። እንጨት በአንድ ቀን ላይቃጠል ይችላል። በየጊዜው እየተጋገረ ይደርቅና አንድ ቀን በትንሽ ሙቀት ይያያዛል፤ የሚያዘናጋው ይሄ ነው። ግቢህ ጠባብ ከሆነ በማጨሻውና በአጥሩ መሃል ላሜራ አቁም። ላሜራው አጥሩ ላይ ተለጥፎ እንዳይቸነከር፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው፣ ከሥርና ከላይም አየር ያሳልፍ። እንዲህ ከተሠራ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መጠጋት ይቻላል። እኔ ግን ቦታ እያለ 90ውን አላስነካም። በአቅራቢያው ሣር ክዳን ያለው ማድ ቤት ካለ ደግሞ ሌላ ቦታ ፈልግ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ብዙ ሰው ጣራው ላይ ይጨነቅና መሬቱን ይረሳዋል። መሬቱ ዋልካ ነው? ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያፈሰስከውን ኮንክሪት ይዞ ይነሳል። ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍረህ አውጣውና በገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር በተቀላቀለበት የመሙያ አፈር ሙላ፣ እየረጠበ በደንብ ይጠቅጠቅ። ቀይ አፈር ከሆነ የላይኛውን ልብስ አፈር ማንሳት ይበቃል። ከዚያ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ወለሉ ከዙሪያው መሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጣው። ሥራውን ሚያዝያ ላይ ከጀመርክ ሰኔ ሳይገባ ትጨርሳለህ።

ከእሳት ሣጥኑ ሥር ያለው ቦታ ብቻውን ይታይ። ፍም የሚወድቅበት ኮንክሪት እየተላጠ ይነሳል። እዚያ ላይ አሸዋ አንጥፍና ሸክላ ጡብ ደርድር። የወንዝ ድንጋይ አታድርግ። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ድንገት ሲግል ይፈነዳል።

ቋሚዎቹን ከባሕር ዛፍ ማድረግህን አልቃወምም። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ። ግን አፈር ውስጥ አትቅበረው። ወለሉ ሲፈስስ ብረት ጫማ አስቀምጥ፤ ከወፍራም ላሜራ እንደ ዩ የታጠፈ፣ ከታቹ ፌሮ የተበየደለት ማለቴ ነው። ቋሚው ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እዚያ ውስጥ ይቀመጥና በሁለት ቡሎን ይታሰር። ውሃም አያገኘው፣ ምስጥም ሲወጣ ታየዋለህ። አገሩ ሁሉ ለምስጥ ብሎ ግንዱን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ለአጥር ይሁን። እሳት አጠገብ ለሚቆም ቋሚ ግን ዘይት መቀባት ማገዶ ማዘጋጀት ነው። አቅምህ ከፈቀደ አራቱንም በብረት ቱቦላሬ አድርጋቸውና ይህን ሁሉ ሐሳብ ተገላገል።

ስፋቱ? በርሜሉ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከእሳት ሣጥኑ ጋር ሜትር ተኩል ሊጠጋ ይችላል። 3 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ ጣራ ይበቃሃል፤ ክፈፉ በየጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ከፍ ያለው ጎን 2.7 ሜትር፣ ዝቅ ያለው 2.3 ሜትር። ከዚህ ካሳነስከው ጭሱ ዓይንህን ያጠፋዋል፣ ካበዛኸው ደግሞ ዝናቡ በጎን ገብቶ በርሜሉን ያገኘዋል።

ቆርቆሮ ስትገዛ ውፍረቱን በጌጅ ቁጥር ይነግሩሃል። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። የ28ቱ ከ32ቱ ይወፍራል። በረዶ የሚጥልበት አገር ስለሆነ እዚህ ላይ አትሰስት። ሚስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፤ የሚመታውም ጉብታው ላይ ነው። ውሃ በሚፈስበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ሚስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ቆርቆሮው ሲደራረብ አንድ ተኩል ሞገድ ይሸፍን፤ የላይኛው ጠርዝ አፉን ለንፋስ እንዳይከፍት ተጠንቀቅ።

ንፋሱን ካነሳን አይቀር፣ ጎኑ ክፍት የሆነን ጣራ ንፋስ የሚነቅለው ከታች ገብቶ ወደ ላይ ገፍቶ ነው። ሞራሌውን በሚስማር ብቻ ቸንክረህ አትተወው። ባለ 6 ሚሊ ፌሮ አጥፈህ ሞራሌውን ከቋሚው ጋር እሰረው። ማዕዘኖቹ ላይም ሰያፍ ድጋፍ ስጠው። ጠፈጠፉ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ አሸንዳ አድርግ። በጭሱ ሳትጣላ በውሃው ትጣላለህ።

ወደ ጥያቄህ መጣሁ። ጣራውን አትብሳው። ጎኑ ክፍት ስለሆነ አያስፈልግህም። ማጨሻውን ስታቆም ጭስ ማውጫው ከፍ ወዳለው ጎን፣ ወደ ክፈፉ ጠርዝ እንዲጠጋ አድርግ። በማውጫው አፍና በቆርቆሮው መካከል ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ክፍተት ይኑር። ጭሱ የቆርቆሮውን ሆድ ተከትሎ በከፍተኛው ጎን ይወጣል። ቆርቆሮው ይጠቁራል፤ ይጥቆር። ወደ መሃል ካስገባኸው ግን ጭሱ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ጠብታ ሠርቶ ተመልሶ ሥጋህ ላይ ይንጠባጠባል። ቧንቧውን ወደ ጎን አጥፈህ ልታወጣው ብታስብ ጭሱን ወደ ላይ የሚስበውን አየር ትገድለዋለህ። ጭስ ቀጥ ብሎ መውጣት ይወዳል።

የግድ መብሳት ካለብህ፣ ቀዳዳው በዙሪያው ከቧንቧው 5 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ወደ ላይ የቆመ የላሜራ ኮሌታ ይሠራል፤ እሱ ከጣራው ጋር ይያያዛል። ከእሱ በላይ ቧንቧው ላይ የተበየደ ባርኔጣ ኮሌታውን ይሸፍናል። ሁለቱ አይነካኩም። ቧንቧ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። ክፍተቱን በሲሚንቶ ከደፈንከው ሰንጥቆ ያፈስብሃል።

ዝናቡ በሚገርፍበት አንድ ጎን ብቻ መከለያ አድርግ። በማጠፊያ የሚንጠለጠል፣ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቆርቆሮ ይበቃል። በርሜል ስስ ነው። ማጨሻ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፤ ሽውታ በመታው ቁጥር ይወርድብህና እንጨት ስትማግድ ትውላለህ። ትርፍ ቆርቆሮ ተረፈ ብለህ ግን ማጨሻው ውስጥ መጋረጃ እንዳትሠራበት። የቆርቆሮ ልባስ ዚንክ ነው። 420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ እሳት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ፍሙ ከዚያ ያልፋል። ልባስ ያለው ቧንቧ ከሚበየድበት ጭስም ራቅ። ብየዳ ቤት ያሉ ልጆች ወተት ጠጥተው ይገቡበታል፤ ወተት ግን ያንን ጭስ አይከለክልም። ልባሱ መጀመሪያ በሞላ ይፋቅ።

ለዝገቱ ደግሞ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። እሳት ሣጥኑን ተራ ቀለም አትቀባው፤ በመጀመሪያው እሳት አብጦ ይላጣል። ለብ እስኪል አሙቀውና በኑግ ዘይት የነከርከውን ጨርቅ በስሱ አሳልፍበት፣ ከዚያ እሳቱን ጨምር። ዘይቱ ደርቆ ጥቁር ልባስ ይሆናል። እናትህ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ አይተህ የለ? ያው ነው። ዘይቱን ካበዛኸው ሳይደርቅ ይጣበቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ይሻላል። ከተጠቀምክ በኋላ አመዱን በማግስቱ አውጣ። የአየር ማስገቢያውንና ጭስ ማውጫውን ክፍት ተወው። ጣራ ሥር ስለሆነ ዝናብ አይገባም፣ አየሩ ግን በሆዱ ያልፋል። ሸራውን ለሌላ ሥራ አውለው።

እንጨቱን እዚያው ጣራ ሥር ከእሳት ሣጥኑ በተቃራኒ ጎን ከወለል ከፍ አድርገህ ደርድር። የባሕር ዛፍ ለማጨስ አይሆንም፤ ዘይቱ ሥጋውን መራራ ያደርገዋል። ጠላ ጋን የሚታጠንበት ወይራ ካገኘህ ጥቂት ፍልጥ ብቻ ጣል አድርግበት፤ ኃይለኛ ነው።

አምፖል ማድረግህ ስለማይቀር፣ ከፍ ካለው ጎን ቋሚ ላይ፣ ከጭሱ መውጫ ራቅ አድርገህ ከክፈፉ ዝቅ አድርገህ እሰረው። ሽቦው በቧንቧ ውስጥ ይምጣ፣ ማብሪያውም ቤት ውስጥ ይሁን። በእርጥብ እጅ የምትነካው ነገር ጓሮ አይኑር።