የነከሰ የቮልስ ሞተር፦ እባክህ በማርሽ አታስጎትተው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአባትህ ቮልስ ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ ሰባት ዓመት ቆሟል። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል። ጎረቤትህ ደግሞ «ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን በአይሱዙ እንጎትተው፣ ይላቀቃል» ብሎሃል። ቅዳሜ ልትጎትቱት ነው። እባክህ ቅዳሜን ሰርዝ። እኔም የአባቴን ቮልስ እንዲሁ አስጎትቼ ነው ሞተሩን ያጣሁት። የእኔ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል፣ 1300 ነው። ያንተም ከዚያ ብዙ አይርቅም ብዬ ልጻፍልህ።

የእኛን አገር ውርጭ ታውቀዋለህ። ሌሊት ይወርዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ብረቱ ሁሉ ያልበዋል። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ የአንዱ ሲሊንደር ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ይቆማል። እርጥበቱ በዚያ ይገባና የፒስተኑን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ያጣብቃቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚነክሱት አራቱም አይደሉም። አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ተስፋ አትቁረጥ።

1. አራቱንም ካንዴላ፣ ነዳጁን የሚለኩሱትን፣ አውጣ። ሞተሩ በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ ተመልሰው አይገቡም። አቧራ ከፈራህ ንጹሕ ጨርቅ ወትፍበት። የእኔ ጥፋት የጀመረው እዚህ ላይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

2. የቫልቭ ክዳኖቹን በሁለቱም ጎን ክፈት። በሽቦ ነው የተያዙት፣ በካቻቪቴ ወደ ታች ስትጫነው ይለቃል። ሮከሮቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን ተጭነው የሚከፍቱትን፣ የያዙት ዳዶዎች በየጎኑ ሁለት ሁለት ናቸው። ፍታቸውና አውጣ። ያኔ ቫልቮቹ ሁሉ ይዘጋሉ። ይህን ካላደረግህ በካንዴላው ቀዳዳ የምታፈሰው ሁሉ በክፍቱ ቫልቭ ሾልኮ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ነው የሚገባው። ሮከሮቹን የሚገፉትን ቀጫጭን ዘንጎች ካርቶን በስተህ በየተራቸው ሰካቸው፣ እንዳይቀላቀሉብህ።

3. የምታፈሰው የመሪ ዘይት ነው፣ ያ ቀዩ፣ ከአሴቶን ጋር እኩል ለእኩል። ሁለቱ ስለማይዋሃዱ ባፈሰስህ ቁጥር ጠርሙሱን ናጠው። አሴቶን እሳት ይስባል፣ ሲጋራም ከሰልም አጠገቡ አይድረስ። አሴቶን ካጣህ ናፍጣ ቀላቅልበት፣ ቀን ይጨምርብሃል እንጂ ይሠራል። ደግሞ የቮልስ ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ የተጋደሙ መሆናቸውን አትርሳ። ፈሳሹ ታች ይተኛና የፒስተኑ የላይኛው ግማሽ ደረቅ ይቀራል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳጠጣ የከረምኩት ግማሹን ብቻ ነበር። የኋላውን ግራ ጎን በክሪክ ስታነሳው የግራዎቹ ሲሊንደሮች አፍ ቀና ይላል። ያኔ አፍስስ። በማግስቱ የቀኙን። ክሪኩን ብቻ አትመን፣ ከሥር ግንድ አስገባ።

4. እንግዲህ ወደ ካንዴላው። ያኔ የያዝኩት መካኒክ አቧራ እንዳይገባ ብሎ አራቱንም መልሶ አሰራቸው። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ፈሳሹ እንዳለ ነው። አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። በማግስቱ ጎተትነው። የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አሰመሩ፣ ከዚያ «ጓ» አለና ዞረ። ሰፈሩ አጨበጨበ። እናቴ እልል አለች። አየር ይታመቃል፣ ፈሳሽ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ፈሳሹን ሊገፋ ሲመጣ መሄጃ አጣ፣ ቢየላው፣ ፒስተኑን ይዞ የሚገፋው ክንድ፣ ታጠፈ። የታጠፈው በጥቂቱ ስለነበር ሞተሩ ተነሳ። ሦስት ሳምንት ነዳሁት። ጠዋት ጠዋት «ቋ፣ ቋ» ይላል። መካኒኩን ስጠይቀው «የቫልቭ ነው» አለኝ፣ አመንኩት።

ደብረ ሲና ወርጄ ስመለስ የጣርማ በር ዳገት ላይ፣ ዋሻው ጋ ሳልደርስ፣ ቢየላው ተበጠሰ። ብሎኩን በስቶ ወጣ። ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት አንድ ጠብታ ሳይቀር መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ጉሙ ወርዶ አምስት ሜትር ፊትህን አታይም፣ ልጄ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ከኋላችን የጭነት መኪና ቢመጣ ምን ይውጠን እንደነበር ሳስበው እስከዛሬ ሆዴ ይላወሳል።

ብሎኩ ተራ ብረት አይደለም፣ አብዛኛው ማግኒዥየም የሆነ ቅይጥ ነው። ሦስት በያጆች ጋ ወሰድኩት፣ ሦስቱም አንነካም አሉ። ልክ ናቸው፣ ማግኒዥየም ራሱ በእሳት ይነድዳል። አዲስ አበባ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ብሎክ ገዛሁ። ከነእጅ ዋጋው 41 ሺህ ብር ወጣብኝ። ገንዘቡስ ይሁን። የሞተር ቁጥሩ ያለው ብሎኩ ላይ ነው፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ተመትቷል። ብሎክ ስትቀይር ቁጥሩ ከሊብሬህ ጋር አይገጥምም። እኔ ይህን ያወቅሁት ለዓመታዊ ምርመራ ስሄድ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ «ሞተሩን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ የገዛውን መኪና ይዤ እንደ ሌባ ቆምኩ። ደረሰኝ አምጣ፣ የለኝም። ሻጩን አምጣ፣ ሶማሌ ተራ የት ላግኘው? አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዱን ቀን ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አቁመውኝ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ና» አሉኝ። ስለዚህ ምንም ቢመጣ ብሎክ ለመቀየር ከተገደድህ፣ ብር ከመክፈልህ በፊት የሞተር ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ወይም ውል ያዝ፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ጨምረህ። ቁጥሩንም ፎቶ አንሳው። ሊብሬው እስካሁን በአባትህ ስም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጨርስ።

አምና ግን ተክሼአለሁ። የባለቤቴ አጎት ሸኖ ላይ ዘጠኝ ዓመት የቆመ ቮልስ ነበራቸው። ሦስት መካኒክ «ለቁራሌው ስጡት» ብሏቸው ነበር። «ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። ካንዴላ የለም፣ ሮከር የለም፣ ቺንጋውንም አወጣሁት። ማታ ማታ አጠጣዋለሁ። ጠዋት ቺንጋውን የሚያዞረው ፑሌጃ መሐል ያለውን ቡሎን በ30 ቁልፍ እይዝና ወደ ሰዓት አቅጣጫ ጫን አደርገዋለሁ፣ መለስ፣ ደግሞ ጫን። ሲመለስ በጣም በቀስታ፣ ያለዚያ ቡሎኑ ራሱ ይፈታል። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ አላስረዘምኩም። ክንዴ ካልቻለ ቀን እጨምራለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ቁልፉ የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። በጆሮ አይሰማም፣ መዳፍህ ላይ ነው የሚታወቅህ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሙሉ ዞረ። ቀዩ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ፊጭ ብሎ ወጥቶ የጋሼን ነጭ ጋቢ አለበሰው። ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። ካንዴላው ታስሮ ቢሆን ኖሮ ያ የፈሰሰው ሁሉ ቢየላውን ነበር የሚያጥፈው።

ከተላቀቀ በኋላ ቶሎ አታስነሳው። ያፈሰስከው በቀለበቶቹ አልፎ ከሞተሩ ዘይት ጋር ተደባልቋል። ዘይቱን ድፋ፣ ከሥር ያለችውን ወንፊት አጥበህ መልስ። የወንፊቷ ክዳን ስድስት ትናንሽ ዳዶዎች አሏት፣ ከልክ በላይ አታጥብቃቸው፣ ጥርሳቸው ወዲያው ይበላል።

ሦስት ሳምንት አልፎ ንቅንቅ ካላለ ሞተሩን አውርደው። አራት ቡሎን ነው የያዘው፣ ሁለት ሰው ያወርደዋል። ቴስታታው፣ የሲሊንደሮቹ ራስ፣ ከተነሳ ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ስለሚወጡ የነከሰውን ለይተህ ታገኘዋለህ። በእንጨት እንጂ በመዶሻ አትምታው፣ ዙሪያውን ያሉት ክንፎች ተሰባሪ ናቸው።

30 ቁልፍ ከሌለህ እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዤልህ እመጣለሁ። አንተ ብቻ ዛሬውኑ ጎረቤትህ ጋ ደውልና አይሱዙውን አስቀር።