ግርጌ ያለችውን ቁጥር አትንኪያት

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኬሚስትሪ ላይ እኩልዮሽ ባላንስ ማድረግ አልገባ ብሎኛል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ በግራ ሁለት ኦክስጅን አለ፣ በቀኝ ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ ከውሃው ኦክስጅን ግርጌ 2 ጻፍኩበትና ግራና ቀኙ እኩል መጣ። መምህሬ ግን ኤክስ አደረጉብኝ። እኩል ከሆነ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?
ተማሪዋ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ቆጠራሽ ልክ ነው፤ ችግሩ የጻፍሽው ነገር ውሃ አለመሆኑ ነው። ሁለት ሃይድሮጅንና ሁለት ኦክስጅን ያለው ሞሊኪውል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይባላል፤ ፋርማሲ ውስጥ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው፣ ጠንከር ሲል ፀጉር የሚያነጣው። አይጠጣም! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ያለችውን 2 ብታጠፊያት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆንብሻል፤ ቤት ዘግተው፣ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ ማለት ነው። በአንዲት ቁጥር ይህን ያህል ይለያያሉ። አንቺ መቀየር የምትችዪው ከፊት የሚጻፈውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ የሞሊኪውሉን ብዛት ይናገራል እንጂ ምንነቱን አይነካም። ከውሃው ፊት 2 አድርጊ፣ ኦክስጅኑ ሁለት ሆነ። ሃይድሮጅኑ ግን አራት ስለደረሰ በግራ ከሃይድሮጅኑም ፊት 2። አለቀ።

ከበድ ያለውን በማብሰያ ጋዝ እንየው። ሲሊንደሩ ውስጥ ካሉት ጋዞች አንዱ ቡቴን ነው፤ 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። በደንብ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ ከኦክስጅን ይጀምርና ይዞርበታል፤ ኦክስጅን በቀኝ በኩል ሁለቱም ውስጥ ስላለ አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ይበላሻላ። ለመጨረሻ ተይው። ካርቦኑ 4 ስለሆነ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ 10 ስለሆነ 5 ውሃ። አሁን በቀኝ ያለውን ኦክስጅን ቁጠሪ፦ 8 እና 5፣ 13። በግራ ግን ኦክስጅን የሚመጣው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሆነ ስድስት ተኩል ጥንድ ያስፈልጋል። ግማሽ ስታዪ አትደንግጪ፣ አታጥፊውም፤ ሁሉንም በ2 አባዢው። 2 ቡቴን፣ 13 ጥንድ ኦክስጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 10 ውሃ ይመጣል። ኦክስጅኑን ደግመሽ ቁጠሪው፣ ግራም ቀኝም 26 ነው።

አሁን ፕሮፔንን ራስሽ ሞክሪው፤ 3 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን አለው። በዚሁ ቅደም ተከተል ከሄድሽ 1 ፕሮፔን፣ 5 ጥንድ ኦክስጅን፣ 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 4 ውሃ ይወጣልሻል፤ ግማሽም አያጋጥምሽም።