«ብሩን የምትፈልጉት መቼ ነው?» በየዕድሜው የተነሡ የገንዘብ ጥያቄዎች

እሁድ ዕለት የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ጉባኤ ሲያበቃ አንዱ ወጣት ተነሣና «ጋሼ፣ እርስዎ 22 ዓመት ባንክ ብድር ክፍል ሠርተዋል፤ እስቲ ስለ ገንዘብ ይንገሩን» አለኝ። አንዱን ስመልስ ሌላው ቀጠለ። ቡናው በረካ ደርሶ ጥያቄው አላለቀም። የቀረውን በወረቀት ተቀብዬ ቤቴ ይዤው ገባሁ፤ መልሱ ይኸው። ስም አልጻፍኩም፣ ዕድሜና ሥራ ይበቃል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ብድር ክፍል ሳለሁ ሰው ሁሉ የሚመጣው «ገንዘቤን የት ላድርገው?» እያለ ነበር። እኔ ደግሞ «መቼ ትፈልገዋለህ?» ብዬ እመልስበታለሁ። ቀኑ ሳይታወቅ ቦታው አይታወቅም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያው ላይ ነው የሚሽከረከረው።

«21 ዓመቴ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ነኝ፤ ደመወዜ 4,200 ብር። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል፣ ለእናቴም እልካለሁ። እቁብ ይሻለኛል ባንክ?»

ልጄ፣ መጀመሪያ እጅሽ የሚገባውን እንቁጠር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ካንቺ 340 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 294 ብር ይቆረጣል። 3,566 ይቀርሻል። ጡረታውን እንደ ጠፋ ብር አትይው፤ አሠሪሽ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ግን ጠይቀሽ ያዢ። ብዙ ልጆች ቁጥራቸውን ሳያውቁ ሥራ ይቀይራሉ፤ ኋላ የአገልግሎት ዘመን ሲቆጠር መከራ ነው።

እቁቡን በተመለከተ፦ 20 ሰው በየ15 ቀኑ 300 ብር ቢጥል ዕጣው 6,000 ብር ነው፤ ዞሮ ለማለቅ አሥር ወር ይፈጃል። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ አስቀመጠ። እኔ እቁብን እወዳለሁ። ባንክ ቢቀር ማንም አይቆጣሽም፤ እቁብ ቢቀር ዳኛው በር ያንኳኳል። ግን እቁብ የሚያገለግለው ለሚጠብቅ ጉዳይ ነው፤ የስፌት መኪና ለመግዛት፣ ሙያ ለመማር። ሦስተኛው ወር ላይ ብትታመሚ ዕጣ ከሌላ ሰው ለመግዛት መለማመጥ ነው። በታኅሣሥ 2014 አገራችን ከአጎዋ (ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ስትወጣ ትእዛዝ ቀንሶ ስንት እህቶችሽ ያለ ሥራ እንደቀሩ እዚህ ሐዋሳ ያላየ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሁለት ወር ወጪሽን የሚሸፍን ገንዘብ ባንክ ወይም በስልክ በሚቆጠብበት ቴሌብር ሳንዱቅ ውስጥ አጠራቅሚ፤ በወር 300ም ቢሆን። እቁቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

«28 ዓመቴ ነው፤ የሰው ባጃጅ እነዳለሁ። በቀን 400 ብር ገቢ አስገባለሁ። ተበድሬ የራሴን ልግዛ?»

በወር 26 ቀን ብትሠራ ለባለቤቱ 10,400 ብር ትሰጣለህ። የብድርህ ወርኃዊ ክፍያ ከዚህ ላይ ጎማ፣ ባትሪ፣ ሰርቪስና ቦሎ ተቀንሶ ከሚቀረው ካለፈ ከባለቤቱ ወጥተህ ለአበዳሪው ገባህ እንጂ አልተሻሻልክም። ሌላው፣ ባጃጅ መሬት አይደለም፤ በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል። ብድሩ ከባጃጁ ዕድሜ ቀድሞ ማለቅ አለበት።

ከግለሰብ እበደራለሁ ካልክ ደግሞ አንድ ነገር እወቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በውል እንኳን በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም። «በወር አሥር» የሚልህ ሰው በዓመት 120 በመቶ እያለህ ነው። ይህ አራጣ ነው፤ ወንጀልም ነው። ውሉ ላይ ወለድ ተጽፎ አታገኝም፤ 100 ሺህ ተቀብለህ «160 ሺህ ተበድሬአለሁ» ብለህ ነው የምትፈርመው። ፍርድ ቤት ስትቀርብ የሚታየው ፊርማህ ነው።

«ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው፤ እኔ 31 ባለቤቴ 27። ከተማው ዳር በርካሽ ቤት አግኝተናል። ካርታ የለውም፤ ሻጩ ግን ወደፊት ይስተካከላል ብሎናል።»

አትግዙ።

ርካሽ የሆነው ካርታ ስለሌለው ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚሸጠው በላዩ ላይ ያለው ቤት ነው፤ ሕጋዊ ይዞታ ከሌለ ደግሞ የሚሸጥ ነገር የለም። የጨረቃ ቤት ገዝተው ግሬደር ሲመጣ በሩን ነቅለው የሸሹ ሰዎች አውቃለሁ። ካርታ ያለው ስታገኙም በካርታው ብቻ አትመኑ፤ ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት አረጋግጡ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ተብሎ ነው የሚገመተው፤ ባል ብቻውን የሸጠውን ሚስት መጥታ ልታስፈርሰው ትችላለች። ይህ ለእናንተም ይሠራል፤ ስትገዙ የሁለታችሁም ስም ይግባ።

«መምህር ነኝ፣ 38። ባንክ 60 ሺህ ብር አለኝ። ልጄ ኮሌጅ እስክትገባ ዘጠኝ ዓመት አለ። አክሲዮን ይሻላል?»

ይህ ጥያቄ ደስ ያሰኘኛል፤ ቀኑን ይዞ ስለመጣ።

ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው። 72ን ለ7 ብታካፍለው ብሩ እጥፍ የሚሆንበትን ጊዜ ይሰጥሃል፤ አሥር ዓመት ገደማ። በሌላ በኩል በ2014 ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ለነገና ለከነገ ወዲያ ጥሩ ነው፤ ለዘጠኝ ዓመት ግን ብሩ ቁጥሩ እየጨመረ አቅሙ ያልቃል። ስለዚህ ከፊሉን ወደ አክሲዮን ማዞር ያስኬዳል፤ ከፊሉን።

በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር፤ ከፍተኛው 3,333። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሰው ለምን እንዳልገዛ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማስበው የለመድነው አክሲዮን ዘመድ የሚያስገዛንን የባንክ አክሲዮን ስለሆነ ነው። ያንን ደግሞ መግዛት እንጂ መሸጥ አይቀናም ነበር፤ ብሩ ሲቸግርህ ገዥ በሰው በሰው ታፈላልጋለህ። ጥር 2 ቀን 2017 ግን አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ግብይቱ የሚካሄደው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባገኘ አገናኝ በኩል ነው፤ ፈቃዱን ሳታይ ለማንም ብር አትስጥ።

ባንተ ቦታ ብሆን 20 ሺውን ከማልነካው ገንዘብ ቆጥሬ ሁለት ቦታ እገዛበታለሁ፣ 40ውን አላንቀሳቅስም፤ ከደመወዝ የሚተርፈውን በየዓመቱ እጨምራለሁ። ከመግዛትህ በፊት የድርጅቱን የኦዲት ሪፖርት አንብብ። የትርፍ ድርሻው በመቶኛ ስንት እንደሆነ ሁሉም ይነግርሃል፤ አንተ ግን የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ የአንድ አክሲዮን ትርፍ እያደገ ነው ወይስ እየሳሳ የሚለውን ተመልከት። ዋጋው ሊወርድ እንደሚችልም አስቀድመህ ለባለቤትህ ንገራት፤ ኋላ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ እንዳይሆን።

«49 ዓመቴ ነው፣ ነጋዴ ነኝ። ወለድ አልነካም። ምን አማራጭ አለኝ?»

አብዛኞቹ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት አላቸው፤ ዘምዘምና ሂጅራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዚሁ የሚሠሩ ናቸው። ዕቃ ለማምጣት ሙራባሃ ይስማማሃል፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልሃል። ጠቅላላ ዋጋውን ከመፈረምህ በፊት ደምረህ ከሌላው ጋር አወዳድር። ከወለድ ነፃ ማለት ነፃ ማለት አይደለም።

«44 ዓመቴ ነው። የአክስቴ ልጅ ለብድር ዋስ ሁነኝ አለኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ።»

ይህን የምመልሰው እንደ ባንክ ሠራተኛ አይደለም፤ ጣቱ እንደተቃጠለ ሰው ነው።

አርባ ዓመት ገደማ ሳለሁ የልጅነት ጓደኛዬ ከአንድ አበዳሪ ሊበደር ሲል ፈረምኩለት። ብድር ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ፤ ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ቃል በየቀኑ ለሌሎች አስረዳለሁ። ትርጉሙም አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል ማለት ነው። ለራሴ ሲሆን ቃሉን በዓይኔ አለፍኩት። ጓደኛዬ ሦስት ወር ከፍሎ ጠፋ። ከደመወዜ ሲሶው ለሁለት ዓመት ከአራት ወር ተቆረጠ። ያን ጊዜ የመጨረሻዋ ልጄ ትምህርት ቤት መግቢያዋ ነበር፤ የቤታችንን ሁለተኛ ክፍል ለመጨረስ ያስቀመጥነው ቆርቆሮም ተሸጠ። ጓደኛዬን ከዓመታት በኋላ ፒያሳ አገኘሁት። ሰላም ተባባልን፤ ሌላ ምን ይባላል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ጠይቅ። 200 ሺህ ብር ከሆነ «200 ሺህ ብር ከኪሴ ብሰጠው እችላለሁ?» በል። የማትችል ከሆነ አትፈርም፤ በምትኩ የምትችለውን፣ አሥርም ይሁን ሃያ ሺህ፣ በስጦታ ስጠው። አክስትህ ትቀየም ይሆናል። አርባዎቹ የልጆች ክፍያ፣ የወላጅ ሕመምና የራስ ዕድሜ በአንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜ ነው፤ የሰው ዕዳ የሚጨመርበት ቦታ የለውም።

«ብር በሦስት ወር እጥፍ የሚያደርግ ድርጅት አለ፣ ሰው ካስገባሁ ደግሞ ኮሚሽን አለው…»

ሽሽ።

«52 ዓመቴ ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ እሸጣለሁ። ጡረታ የለኝም፤ ዕድር አለኝ።»

እህቴ፣ ዕድር ስትሞቺ ነው የሚደርስልሽ። እኛ የምንፈልገው በሕይወት ሳለሽ የሚደርስልሽን ነው።

ዛሬ ያለሽ ገንዘብ ሁሉ ንግዱ ውስጥ እንዳለ እገምታለሁ፤ ጠዋት ትገዢበታለሽ ማታ ይመለሳል። ንግድና ቤት አንድ ቦርሳ ሲሆኑ የተረፈው አይታይም። ለራስሽ በሳምንት ደመወዝ ቁረጪ፤ የቤት ወጪ ከዚያ ብቻ ይውጣ። ሌላው በሁለት ይከፈል፦ ለንግዱና ለእርጅናሽ። የእርጅናውን ወደ ማኅበራችን በየሳምንቱ አስገቢ፤ በአራትና አምስት ዓመት ግቢሽ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ቤት ለመጨመር ብድሩን ያስገኝልሻል። ሕጋዊ ግቢ ካለሽ የኪራይ ክፍል የነጋዴ ጡረታ ነው፤ ኪራይ ከዋጋ ጋር አብሮ ይጨምራል። የጤና መድን ደግሞ ዘንድሮ ግቢ፤ በቀበሌሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጠይቂ። አንድ የሆስፒታል ሳምንት የአምስት ዓመት ቁጠባ ሲበላ አይቻለሁ።

«58 ዓመቴ ነው፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ። በ60 ስወጣ 32 ዓመት አገልግሎት ይኖረኛል። 900 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ፤ ልጄ መኪና ገዝተን ታክሲ ላሠራው ይላል።»

መጀመሪያ ጡረታህን እናስላ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መነሻ ደመወዝ ይወሰዳል፤ ለአሥር ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ነው። 32ቱም ዓመት የጡረታ መዋጮ የተከፈለበት ከሆነ ላንተ 57.5 በመቶ ይመጣል። አማካይህ 20 ሺህ ከሆነ 11,500 ብር። ዛሬ ከ20 ሺው ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅህ የሚገባው 13,650 ነው፤ ልዩነቱ የምትፈራውን ያህል አይደለም። የሚጎዳህ አበሉ መቅረቱና ዋጋ ሲጨምር ጡረታው በዚያው ፍጥነት አለመጨመሩ ነው። 900 ሺው የሚያስፈልገው ያንን ክፍተት ለ20 ዓመት ለመሙላት ነው።

መኪናው ቀን የለውም፤ ሲጋጭ አስቀድሞ አይነግርህም። ለልጅህ መስጠት ከፈለግህ 150 ሺህ ስጠው፣ የቀረውን ራሱ ይበደር፤ ዋስ እንዳትሆነው ግን፣ ከላይ ያለውን አንብብ። የቀረውን ከአንድ ባንክ በላይ አስቀምጥ፤ የተቀማጭ መድን ፈንዱ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው የሚሸፍነው እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ከፊሉን በጊዜ ገደብ ሂሳብ አድርገው፤ ወለዱ በድርድር ነውና ሦስት ባንክ ጠይቅ።

«67 ዓመቴ ነው። ቤቱን በቁሜ ለልጆቼ ላካፍል ወይስ በኑዛዜ?»

አባባ፣ በኑዛዜ ያድርጉት። ቤቱን ዛሬ ካስተላለፉ ነገ በራስዎ ቤት እንግዳ ነዎት፤ ልጆችዎ መልካም ቢሆኑም የልጆችዎን ባለትዳሮች አያውቁም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በእጅዎ የሚጽፉት ከሆነ ሙሉውን ራስዎ ይጻፉ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበሉ፣ ቀን ያስገቡ፣ ይፈርሙ። ኑዛዜ ሐሳብዎን ሲቀይሩ ይሻራል፤ የተላለፈ ካርታ ግን አይመለስም።

«አንተስ ያንተን የት አድርገኸዋል?»

ማን እንደጻፈው አላወቅኩም፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የማኅበራችንን ገንዘብ ያዥ ይመስላል። 61 ዓመቴ ነው። ጡረታ አለኝ፣ ጥላ ሰፈር ሁለት ክፍል አከራያለሁ፣ የስድስት ወር ወጪ ባንክ አለ፣ ከቴሌኮም 33 አክሲዮን ገዝቻለሁ፤ ዝቅተኛውን። ባለቤቴ የምትጥለውን እቁብ ግን አልቆጠርኩም። የስንት ብር እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም።